ሁለት ባዶ ፍሎፒዎች

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ የማይጠረጠር ሰው አልነበረም። አባዬ ወተት አምጪዋን ውኃ ትጨምራለች ብሎ ይጠረጥራል፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን ሳያይ ጽፎ ይሄዳል ብሎ ይጠረጥራል። እማዬ ደግሞ ጎረቤቶቻችን በአጥሩ ቀዳዳ የሚያዩን ይመስላትና ቀዳዳ ባገኘች ቁጥር በቆርቆሮ ቁራጭ ታስደፍን ነበር። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ኮተቤ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ ያስታውሳል፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት፣ እንግዳ ሰው ሠፈር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከታየ "ማነው ይሄ?" የሚባልበት ጊዜ ነበር። አባዬ ደግሞ መምህር ነው። መምህር በየጊዜው ግምገማ ይቀመጣል፤ ግምገማ ላይ ማን ምን ብሎ እንደሚነሣበት አያውቅም። ከስብሰባ የተመለሰ ቀን ራቱን እንኳ የሚበላው በሩን እያየ ነበር።

ኮምፒውተሩ የገባው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ገደማ አባዬ ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ አገኘውና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሰማያዊ ላዳ ታክሲ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ መጣ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስክሪኑን አቅፌ ነበር የመጣሁት። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ ተሰጠው፤ እማዬም ወዲያው ዳንቴል አለበሰችው። ሲበራ የሞቀ አቧራ ይሸታል፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አባዬ የመጀመሪያ ቀን "ስታርት" የሚለውን ተጭኖ ሲያይ፣ በቅርብ የተከፈቱ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች ደብዳቤዎች ተደርድረው አገኘ። የዕረፍት ፈቃድ መጠየቂያ፣ የግዥ ጥያቄ፣ የሆነች ሴት የዝውውር ማመልከቻ። "እነዚህ ሰዎች አሁንም ያዩናል እንዴ?" አለ። ኢንተርኔት የለን፣ የስልክ መስመር አልተያያዘበት፤ ቢሆንም ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሩ ፊት የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር።

ከዚያ ሕግ ወጣ። ማሽኑን ከአባዬ በቀር ማንም አይነካም። አባዬ ዳንቴሉን ሲያለብሰው መሀል ላይ ያለችው አበባ ከስክሪኑ ቁልፍ በላይ ልክ እንድትውል አድርጎ ነው። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። ቀጥሎ አብርቶ ያንን የቅርብ ጽሑፎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ እሱ ያልከፈተው ነገር ያለ ከመሰለው እኔንና እማዬን ጠርቶ ያቆመናል።

እኔ ደግሞ የዚያን ዓመት ክረምት የኮምፒውተር ኮርስ ወስጄ ነበር። ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ዝናብ መንገዱን ጭቃ ሲያደርገው፣ ባሕር ዛፉ እየሸተተን፣ ጫማችንን በር ላይ ፈትገን እንገባለን። ለሦስት ልጅ አንድ ማሽን ነው። ሌሎቹ ጌም ሲሻሙ እኔ የወደድኩት ሜኑ ማስተካከል ነበር። የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ሲጫኑት የምትከፈተዋን ትንሽ ዝርዝር ያየሁ ቀን ሌላ ሰው ሆንኩ። ለካ የፕሮግራሞቹን ተራ መቀየር፣ የማይፈለገውን ማውጣት፣ ሩቅ ያለውን ፋይል ሾርትከት ሠርቶ ፊት ለፊት ማምጣት ይቻላል! ቤታችን ውስጥ የልብስ ሣጥን እንኳ ሳላስፈቅድ ከፍቼ አላውቅም፤ እዚያ ግን የፈለግኩትን የፈለግኩበት አስቀምጣለሁ።

የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ እማዬ ለቅሶ ወይ ገበያ ስትሄድ ቤቱ የእኔ ነው። የአበባዋን ቦታ በጣቴ ለክቼ ዳንቴሉን አነሣለሁ። ጽሑፍ አልከፍትም፤ የምነካው ሜኑውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አባዬ የሚመረምረው ዝርዝር ላይ አይወጣም። የእነዚያን የማናውቃቸውን ሰዎች ትርፍራፊ ጠራርጌ አወጣሁ፤ አባዬ ቶሎ ቶሎ የሚፈልጋቸውን ከላይ ደረደርኩለት። ስሠራ ጆሮዬ ግቢው በር ላይ ነው።

አባዬ ግን ሸተተው። ትናንት ከታች የነበረው ዛሬ ማን ከላይ አወጣው ማለት ጀመረ። ማሽኑም አላገዘኝም፤ ብዙ ቀን ያልተነኩ ትእዛዞችን ከሜኑው ላይ እያጠፈ የሚደብቅ ዓይነት ነበር። አንድ ቀን ሠንጠረዥ መሥሪያው ሲሰወርበት እማዬን ጠርቶ "ማን ወሰደው?" አላት። እማዬ አቧራ ስትጠርግ እንኳ ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ ምላ ተገዘተች። እኔ ጓዳ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ትንፋሼን ውጬ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ አባዬ ፈተናዎቹን ማንም እንዳያገኛቸው በፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ፎልደር ከፍቶ ደበቃቸው። ሲፈልጋቸው ግን ራሱም አያገኛቸውም።

ግቢያችን ውስጥ አራተኛ ሰው ነበረች፤ ጽጌ ትባላለች። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ኮሌጅ የምትማር፣ መምህርት ሆና ልትመረቅ ጥቂት ወራት የቀሯት ልጅ ናት። እሑድ እሑድ ፀጉሬን ትሠራኛለች፤ እየሠራችኝ ወደፊት ለምታስተምራቸው ተማሪዎች ስም እየፈጠረች፣ የማን ልጅ እንደሚረብሽ፣ ማን እንደሚያንቀላፋ እየነገረችኝ ታስቀኛለች። አባዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ቅዳሜ ከሰዓት በእኛ ኮምፒውተር እንድትጽፍ ፈቅዶላት ነበር። የፈቀደው ግን እማዬ አጠገቧ ወንበር ስባ ዳንቴል እየሠራች እንድትጠብቃት ነው። ጽጌ ነገሩ ገብቷታል፤ ቅር ስትሰኝ ግን አላየሁም።

አንድ ቀን እማዬ ለቅሶ ሄዳ እኔ ሜኑው ውስጥ ተመስጬ ሳለሁ ጽጌ ጨው ልትጠይቅ ሳሎን ገባች። ደርቄ ቀረሁ። ስክሪኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ። "ሚሚ፣ አባትሽ እንዳያይሽ" ብላ ጨዉን ከጓዳ ወስዳ ወጣች።

ሌላ ልጅ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን የዚያ ቤት ልጅ ነኝ። ለምን ዝም አለች? ለመቼ ይዛው ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳ ላይ ከአባዬ ጋር ቆማ ስታወራ ባየሁ ቁጥር ከበሩ ጀርባ ተጠግቼ አዳምጣለሁ። ፀጉሬን ስትሠራኝ ጠበቅ ካደረገችው እያስፈራራችኝ ነው ብዬ አስባለሁ። አፏን እንድትይዝልኝ ብዬ ለእሷም ጽሑፍ ሾርትከት ሠርቼ ስክሪኑ ላይ አስቀመጥኩላት። ቅዳሜ ስትመጣ አይታው ፈገግ አለች፤ ለእማዬም ምንም ሳትናገር በዚያው ከፍታ መጻፍ ጀመረች። ፈገግታዋን ራሱ ጠረጠርኩት።

ሰኔ ደረሰ። የዘጠነኛ ክፍልን የባዮሎጂ ማጠቃለያ ፈተና የሚያወጣው አባዬ ነበር። ፈተና ሾልኮ ወጣ ማለት ግምገማ ላይ መነሣት፣ ምናልባትም ከሥራ መውጣት እንደሆነ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ከሥራ መልስ ፋይሉን ፍለጋ በራሱ ፎልደሮች ውስጥ ሲንከራተት፣ ግንባሩን እያሸ "የት ነበር ያደረግኩት?" ሲል አየዋለሁ። አሳዘነኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ የደበቀበትን ቦታ አግኝቼ ሾርትከቱን ስክሪኑ መሀል አስቀመጥኩለት። ሲያየው ይጮኻል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን "ለካ እዚህም አስቀምጬው ኖሯል!" ብሎ ፊቱ በራ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዲግሪዬን ስቀበልም አላገኘሁትም።

ሐሙስ ዕለት ያችን ስክሪኑ መሀል ያስቀመጥኩለትን የሾርትከት ምልክት ፋይል በሚያዝባት ጠፍጣፋ ዲስክ፣ ፍሎፒ ላይ ገለበጣት። ጠንቃቃ ነውና ከፍሎፒው ላይ መልሶ ከፍቶ አየ፤ ፈተናው ከአንድ እስከ ሃምሳ አለ። ፍሎፒውን በላስቲክ ጠቅልሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። ዓርብ ጠዋት እማዬ ኮቱ ተጨማዷል ብላ፣ ጽጌ የራሷን ልብስ ስትተኩስ አግኝታት ኮቱንም ሰጠቻት። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል ቆሜ አየኋት። ኪሱን ዳበሰች፤ ካውያው እንዳያቀልጠው ፍሎፒውን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ተኩሳ ስትጨርስ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ።

ትምህርት ቤት፣ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ፈተናውን አልከፍት አለ። ጸሐፊዋ ደጋግማ ሞከረች፤ ከዚያ ያኔ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ፍሎፒው ተበላሽቷል ብላ ፎርማት አድርጋ ያለበትን ሁሉ ደመሰሰችው። አባዬ ባዶ ፍሎፒ ይዞ ከሰዓት ላይ ቤት ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሳሎን መሀል አቁሞኝ "ኮቴን ማን ነካው?" አለኝ።

እውነቱን ተናገርኩ፤ ግማሹን። ጽጌ ኪሱ ውስጥ እጇን ስትከት፣ ፍሎፒውን ስታወጣ አይቻለሁ አልኩ። መልሳ እንደከተተችው አልተናገርኩም። እሷ ካልሆነች ቀጥሎ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ደግሞ ስለ እኔ ያየችውን ብታወጣ ማንም እንዳያምናት ፈልጌ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይህን ሁሉ አስቤበታለሁ። የቀረውን አባዬ ራሱ ሞላው። ጽጌ ካራ የሚባለው ሠፈር የምትኖር አክስት አለቻት፤ የአክስቷ ልጅ አባዬ ዘንድ ዘጠነኛ ክፍል ይማራል፤ ስለዚህ ፍሎፒውን በባዶ ለውጣ ፈተናውን ወስዳለታለች። በቃ፣ ተፈረደባት።

የድሮው ሾልኳል ብሎ ቅዳሜና እሑድን ተቀምጦ ፈተናውን እንደ አዲስ አወጣ። ጽጌን ክፍሉን ልቀቂ አላት። አልጮኸችም። በረንዳው ላይ ቆማ "ጋሼ፣ እኔ ያወጣሁትን መልሻለሁ፤ ሌላ የነካሁት የለም" አለች። ዓይኗ አንዴ እኔ ላይ አረፈ። አሁን ትናገራለች ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ዓይኗን መለሰችና "እሺ እወጣለሁ፤ ጽሑፌን ብቻ ይስጡኝ። የማስረክብበት ቀን ደርሷል" አለች።

አባዬ ራሱን ፍትሐዊ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ጽሑፏን አልከለክላትም፣ ማሽኑ አጠገብ ግን አትደርስም አለ። ራሱ ተቀምጦ፣ እኔ የሠራሁላትን ምልክት ከስክሪኑ ላይ ወደ አዲስ ፍሎፒ ገለበጠላት። ከፍቶ አየው፤ ሙሉ ነው። "ሂጂ ስጫት" ብሎ በእኔ እጅ ላከው። ስደርስ ፍራሿንና ሁለት ካርቶኗን ወደ ካራ የሚሄድ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያስጫነች ነበር። ተቀበለችኝ፤ "አመሰግናለሁ ሚሚ" አለችኝ። ሚኒባሱ እስኪርቅ ቆሜ አየሁና እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጽጌ ናት። እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ስታናግራት ሰማሁ። የተሰጠኝ ፍሎፒ ባዶ ነው፣ ጽሕፈት ቤት ወስጄው ሁለት ማሽን ላይ ሞክረው አልከፍት አለ ትላለች። አባዬ ሳሎን ሆኖ ደሙ ፈላ። "ፍሎፒዬን ባዶ አደረግሽ ስላልኳት እኮ ነው! በገዛ ቃሌ ልትጫወትብኝ ነው!" አለ። ከፍቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነበር ብሎ ማለ። በማግስቱም መጣች፤ በሩ አልተከፈተላትም። ደጋግማ አንኳኳች። ከዚያ የኮቴዋ ድምፅ በኮረቱ መንገድ ላይ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁ።

ነገሩ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ። መምህራችን ሾርትከት ማለት ፋይሉ ራሱ ሳይሆን ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ምልክት ብቻ እንደሆነ አስረዱን። ፍሎፒ ላይ ብትገለብጡት የሄደው ጥቆማው ነው፤ እዚያው ማሽን ላይ ይከፍትላችኋል፣ ሌላ ቦታ ስትወስዱት ግን የሚጠቁመው ነገር የለም አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ጆሮዬ ጋለ፤ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ማንም ፍሎፒ አልለወጠም። ሁለቱንም ባዶ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ አንዱን ለአባዬ አዝኜ፣ ሌላውን ጽጌን ፈርቼ በሠራኋቸው ምልክቶች።

ቤት ሮጬ ሄጄ ማሽኑን ከፈትኩ። የጽጌ ጽሑፍ አንድም ገጽ ሳይጎድል እዚያው አለ። ለማን ልስጠው? ለአባዬስ ምን ብዬ ልንገረው? ዛሬ ነገ ስል ማሽኑ አረጀና አንድ ጠዋት ቆራሌው ተሸክሞት ሄደ፤ ጽሑፉም አብሮ ሄደ።

አባዬ ግን ታሪኩን አልጣለውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሰው ማመን እንዴት እንደሚያስጠቃ ሲያስረዳ፣ ስለዚያች ተከራይ ይተርካል። እኔ ሻይ ልጨምር ብዬ ተነሥቼ ጓዳ እገባለሁ። አምና በዓል ላይ ለልጄ ሲነግራት "አያቴ፣ ፍሎፒ ምንድን ነው?" ብላ አቋረጠችው። እኔ ላስረዳት ብዬ ጀመርኩ። ከፍሎፒው ጀምሬ ወደ ሾርትከቱ፣ ከሾርትከቱ ወደ ኮቱ ኪስ ስሄድ አፌን ማቆም አቃተኝ፤ እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አባዬ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ከዚያ "ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ? ምን ያደርገኛል ብለሽ ነው የጠረጠርሽኝ?" አለኝ። ሻይ ልጨምር ብዬ ተነሣሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ካራ እንድወስደው ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

ጽጌን ማግኘት አልከበደንም። መምህርት ጽጌ ስንል የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ቤቷን በጣቱ አሳየን። በሩን ከፍታ አባዬን ስታይ ወዲያው አወቀችው፤ "ጋሼ!" ብላ ክንዱን ይዛ አስገባችው። ተቀመጡ ብትለውም አልተቀመጠም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ የሾርትከቱን ነገር እንደ ፈተና መልስ በቅደም ተከተል አስረዳና "በደልኩሽ፤ ይቅር በይኝ" አላት። አባቴ ይህን ቃል ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም አብሬው ለመናገር ሞከርኩ፤ ልቅሶዬ ቀደመኝ።

ጽጌ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። ጽሑፏን ከረቂቅ ወረቀቶቿ ለቅማ እንደ አዲስ ጽፋ፣ በዓመቱ መመረቋን ነገረችን። "አልተቀየምኩም ብል ዋሸሁ፤ ብዙ አልቅሻለሁ" አለች። "ግን ጋሼ፣ እርስዎ አጠፉብኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ የጠረጠርኩት ሚሚን ነው። ማሽኑን ስትነካካ አይቻታለሁ፤ ፍሎፒውንም ይዛልኝ የመጣችው እሷ ናት።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?" አላት አባዬ።

"ተናግሬ ሊገርፏት?" አለች፣ ጥያቄው ራሱ እንደገረማት። "ልጅ እኮ ናት።"

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ያን ቀን በረንዳው ላይ እኔን አይታ ዓይኗን የመለሰችው ለዚህ ነበር። ክፍሏን፣ ጽሑፏን፣ አንድ ዓመቷን ስታጣ አንድ ቃል ብትናገር ታተርፋቸው ነበር፤ ያችን ቃል ለእኔ ስትል ዋጠቻት። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታዋን ስጠረጥር ኖርኩ።

ስንመለስ መኪናውን ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። ያ ጭቃ መንገድ ዛሬ በሁለቱም በኩል ፎቅ ነው፤ የባሕር ዛፉን ሽታ የፈለገ ወደ ላይ ወደ እንጦጦ መውጣት አለበት። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው የየራሱ ስልክ፣ የየራሱ መቆለፊያ አለው። ልጄ የስልኳን ምልክቶች ቀኑን ሙሉ ስትደረድር ብትውል ማንም "ማን ነካው?" አይላትም፤ ደስ ይለኛል። ግን ማንም የማንንም ስለማይነካ፣ አንዱ ለሌላው አዝኖ በድብቅ ነገር የሚያመቻችበትም ቀርቷል። አንድ ማሽን ለአንድ ግቢ የሆነበት ያ ጊዜ፣ ከነፍርሃቱ ይናፍቀኛል።

ኮተቤ ስንደርስ አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ "እውነት እገርፍሽ ነበር እንዴ?" አለኝ።

"አላውቅም አባዬ" አልኩት።

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አሽከረከረ።

"እገርፍሽ ነበር" አለ።